ሞቃት አየር ስለሚነፋ የመኪና ማቀዝቀዣና ስለ ምክንያቱ አፈላለግ

ለእርሻና ለከብት ሕክምና ሥራ ወደ ቆላ የሚወርዱ መኪናዎች፥ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ቢሆን፥ ወደ ጋምቤላ ወይም ከመተሐራ በታች ወዳለው የአዋሽ ሸለቆ ቢሆን፥ በጋው እየጠነከረ በሄደ ቁጥር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት አቤቱታ ይዘው ይመለሳሉ። ይኸውም የአየር ማቀዝቀዣው ሞቃት አየር ይነፋል የሚል ነው። ሹፌሩ ያመለክታል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሹም ይፈቅዳል፤ ጋራዡ ጋዝ ይሞላል፤ ሒሳቡም ይከፈላል። በሚከተለው ዓመት በዚያው ወራት ያው መኪና ያንኑ አቤቱታ ይዞ ይመጣል፤ ጋዙም ዳግመኛ ይሞላል፤ ሒሳቡም ዳግመኛ ይከፈላል። ነገሩ እንደ ዓመት ግብር ከመለመዱ የተነሣ ስለ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

የሚያሳስበው የገንዘቡ ወጪ ብቻ አይደለም። ጥላው 40 ዲግሪ በሚደርስበት አገር መስኮት ከፍቶ አቧራ እየዋጠ ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሹፌር ይደክማል፤ የደከመ ሹፌርም በራሱና በተሳፋሪዎቹ ላይ አደጋ ማምጣቱ የታወቀ ነው። ደግሞም ያለ ምርመራ ጋዝ እየተጨመረለት የሚሠራ መሣሪያ ውሎ አድሮ ዋናው ክፍሉ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ዋጋ በየዓመቱ ለጋዝ ከተከፈለው እጅግ የበለጠ ይሆናል። ስለዚህ ሹሙ መካኒክ ይሁን ባይባልም፥ በክፍያው ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ማወቁ ይጠቅመዋል።

ስሕተቱ ሁሉ የሚጀምረው ጋዙ እንደ ቤንዚን በሥራ ብዛት ያልቃል ከሚለው አሳብ ነው። ጋዙ አይነድም፤ አይበላምም። በሰው አካል ውስጥ ደም እንደሚዘዋወር፥ እርሱም በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ሲዞር ይኖራል እንጂ ከዚያ አይወጣም። ጎድሎ በተገኘ ጊዜ የወጣበት ስፍራ አለ ማለት ነው። እርግጥ ነው፥ ከጎማ ቱቦዎቹና ከመጋጠሚያዎቹ እጅግ ጥቂት የሆነ ጋዝ በዝግታ መስረጉ አይቀርም። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው መመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የማቀዝቀዣ ሣጥን ያለው መኪና በዓመት ከ40 ግራም በላይ እንዳያፈስ ወስኗል፤ ይህም የመጨረሻው ወሰን ነው። ለአብዛኛው ትንሽ መኪና የሚበቃው ጋዝ ከ400 እስከ 800 ግራም ስለ ሆነ፥ ደኅና የሆነ መሣሪያ አያሌ ዓመት ምንም ሳይጨመርለት መሥራት ይችላል። በየዓመቱ ካልተሞላ የማያቀዘቅዝ ግን የቆሰለ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ከወጥ ቤት መጀመር ይሻላል። ውሃ በባሕር ዳርቻ አገር በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በደጋ አገር ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ብዙ ጊዜ የሚፈጁት ስለዚህ ነው። ከፍ ባለ ስፍራ የአየሩ ግፊት ያነሰ ነውና፥ ግፊት ሲያንስ ፈሳሽ በጥቂት ሙቀት ይፈላል፤ ግፊት ሲበዛ ደግሞ ሳይፈላ ብዙ ሙቀት ይታገሣል። ሁለተኛውም ነገር እንደዚሁ የታወቀ ነው፤ አረቄ በእጅ ላይ ቢፈስ እጅን ያቀዘቅዛል፤ በጋን ያለ ውሃም ሸክላው ወዝቶ ሲተን ይበርዳል። ፈሳሽ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከአጠገቡ ካለው ነገር ሙቀት ይወስዳልና። ማቀዝቀዣ የተባለ መሣሪያ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች የሚሠራ ነው።

በመኪና ውስጥ የሚዞረው ጋዝ፥ በብዙዎቹ መኪናዎች አር 134 ኤ የሚባለው፥ በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ የሚፈላ ነው። ሞተሩ በቺንጋ የሚያዞረው ኮምፕረሰር ይህን ጋዝ አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅም እጅግ ይግላል። የጋለው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ወደ ተተከለው ኮንደንሰር ወደሚባለው ሁለተኛ ራዲያተር ይሄዳል፤ በዚያም በማራገቢያውና በመንገዱ ነፋስ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ስፍራ ግፊቱ ከ15 ባር በላይ ስለሚደርስ፥ በ60 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ጋዙ ፈሳሽ ለመሆን ይገደዳል። ከዚያ እርጥበት በሚመጥ ማድረቂያ ጣሳ በኩል አልፎ፥ እንደ መርፌ ቀዳዳ ወደ ጠበበች ቫልቭ ይደርሳል። ከቫልቯ ማዶ ግፊቱ በድንገት ወደ 3 ባር ይወርዳል፤ ፈሳሹም በዜሮ ዲግሪ ገደማ መፍላት ይጀምራል። ይህ የሚሆነው ከመሪው ፊት ካለው ሰሌዳ በስተ ኋላ በተሰወረ ኢቫፖሬተር በሚባል ሣጥን ውስጥ ነው። በመኪናው ውስጥ ያለው አየር በዚህ ሣጥን ላይ ሲነፍስ ሙቀቱ ይወሰድበታል፤ ቀዝቅዞም ለተሳፋሪው ይደርሳል። ጋዙም ወደ ኮምፕረሰሩ ተመልሶ ጉዞውን እንደ ገና ይጀምራል።

በአየሩ ውስጥ የነበረው እርጥበት በቀዝቃዛው ሣጥን ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል፤ በቀጭን ቱቦም ከመኪናው ሥር ይንጠባጠባል። አንዳንድ ሰው ይህን ውሃ አይቶ ጋዙ ፈሰሰ ብሎ ይደነግጣል። የጋምቤላን በመሰለ እርጥበት ባለበት አገር የሚንጠባጠበው ውሃ የጤና ምልክት ነው፤ ጋዝ ሲወጣ ውሃ አይሆንም።

ይህን መሣሪያ በመኪና ላይ ገጥሞ መሸጥ የጀመረው ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ሲሆን፥ ዘመኑም 1939 ነበር። በዚያን ጊዜ ማቀዝቀዣውን ለማቆም የፈለገ ባለ መኪና ሞተሩን አጥፍቶ፥ ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን በእጁ ማውለቅ ነበረበት። በዛሬ መኪና ይህን ሥራ የሚሠራው በኮምፕረሰሩ ፊት ያለው በማግኔት የሚይዝ ፍሪሲዮን ነው፤ ስለዚህ የብዙው ብልሽት መነሻ እርሱ መሆኑ አያስደንቅም።

እንግዲህ ሞቃት አየር በነፋ ጊዜ ምርመራው ምንም መሣሪያ ከማያስፈልገው መጀመር አለበት። አስቀድሞ አቤቱታው እውነተኛ መሆኑ ይረጋገጥ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል፥ ደኅና የሆነ ማቀዝቀዣም ቢሆን ይህን ሁሉ ሙቀት ወዲያው ሊያበርደው አይችልም። መስኮቶቹ ለጥቂት ጊዜ ተከፍተው የታመቀው አየር ከወጣ በኋላ ይዘጉ፤ ማቀዝቀዣውም የውጭውን አየር መሳብ ትቶ የውስጡን አየር መልሶ እንዲያዞር ይደረግ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በመካከለኛው የአየር መውጫ ቴርሞሜትር ሲገባ፥ አየሩ ከውጭው ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ከተገኘ መሣሪያው ሥራውን እየሠራ ነው።

አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ነገር ግን በደካማ የሚነፍስ ከሆነ፥ ጥፋቱ የጋዝ ሳይሆን የማጣሪያው ነው። የተሳፋሪውን አየር የሚያጣራው ወረቀት ብዙ ጊዜ ከጓንቲ ማስቀመጫው በስተ ኋላ ይገኛል። በጥጥ እርሻ አካባቢና በጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና ማጣሪያው በአቧራና በጥጥ ብናኝ ተደፍኖ እንደ ብርድ ልብስ ይወፍራል። መተኪያው ርካሽ ነው፤ ለመቀየርም ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ማጣሪያው ሳይታይ የጋዝ ሒሳብ ማቅረብ ታማሚውን ሳያዩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

ነፋሱ ብርቱ ሆኖ አየሩ ሞቃት ከሆነ ኮፈኑ ይከፈት። ሞተሩ እየሠራ ማቀዝቀዣው ሲከፈት፥ በኮምፕረሰሩ ፊት ያለው ሳሕን ጠቅ ብሎ ከመዘውሩ ጋር አብሮ መዞር አለበት። እጅን፥ ልብስንና የአንገት ልብስን ከቺንጋውና ከማራገቢያው ማራቅ ያስፈልጋል፤ ማራገቢያው ሳይታሰብ በራሱ የሚነሣበት ጊዜ አለና። ሳሕኑ ቆሞ መዘውሩ ብቻውን የሚዞር ከሆነ፥ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፤ ወይ ጋዙ ጎድሏል። የተቃጠለ ፊውዝ ዋጋው ከምንም የማይቆጠር ሲሆን፥ በእርሱ ምክንያት አዲስ ኮምፕረሰር የተገዛበት ጊዜ አለ። አንዳንድ አዲስ መኪና ግን ይህ ፍሪሲዮን የሌለው፥ ሁልጊዜ የሚዞር ኮምፕረሰር ስላለው በዚህ ምልክት ብቻ መፍረድ አይገባም።

ጋዙ ሲጎድል ኮምፕረሰሩ የሚቆመው በስሕተት አይደለም። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር ተደባልቆ የሚዞር ነው፤ ጋዙ ሲያንስ ዘይቱም አይመለስም። ስለዚህ በቧንቧው ላይ የተተከለች የግፊት ጠባቂ መሣሪያ ግፊቱ ዝቅ ሲል ኤሌክትሪኩን ትቆርጣለች። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው የዚህችን ጠባቂ ሽቦዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ኮምፕረሰሩን በግድ ያስነሣዋል፤ ይህም ለጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ ያለ ዘይት ተፋግቶ ይሰበራል። ሲሰበርም የብረቱ ብናኝ በቧንቧዎቹ ሁሉ ስለሚበተን፥ ኮምፕረሰሩን ብቻ መለወጥ አይበቃም፤ ማድረቂያውና ቫልቯ፥ አብዛኛውን ጊዜም ኮንደንሰሩ አብረው ይለወጣሉ።

ኮምፕረሰሩ እየዞረ ሞቃት አየር የሚነፋ ከሆነ፥ ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገቡት ሁለቱ የአሉሚኒየም ቧንቧዎች በእጅ ይዳሰሱ። ወፍራሙ ቀዝቅዞ ሊያልበው፥ ቀጭኑ ደግሞ ሞቅ ሊል ይገባል። ከኮምፕረሰሩ ወደ ኮንደንሰሩ የሚሄደውን ግን መንካት አያስፈልግም፤ ያቃጥላል። ወፍራሙ ቧንቧ እጅግ ቀዝቅዞ ሳለ አየሩ ሞቃት ከሆነ፥ ማቀዝቀዣው ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ቀዝቃዛውን አየር ከማሞቂያው አየር ጋር በምታደባልቀው መዝጊያ ላይ ነው። ይህች መዝጊያ የምትንቀሳቀሰው በአንዲት ትንሽ ሞተር ወይም በገመድ ስለ ሆነ፥ በደጋ ብርድ ጊዜ ወደ ማሞቂያው ዞራ በዚያው ደርቃ መቅረቷ ያጋጥማል።

መኪናው ሲሄድ የሚያቀዘቅዝ፥ ሲቆም ግን የሚሞቅ ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በፊት ለፊት ነው። ወይ የኮንደንሰሩ ማራገቢያ አይሠራም፤ ወይ የኮንደንሰሩ ቀጫጭን ክንፎች በጭቃ፥ በሣር ፍሬና በአንበጣ ተደፍነዋል። ከእርሻ ውስጥ የሚመላለስ መኪና በየወሩ ከፊት ለፊቱ በለዘበ ውሃ ሊታጠብ ይገባዋል፤ በኀይለኛ የውሃ ግፊት ከተመታ ግን ክንፎቹ ተጣጥፈው ከቀድሞው የባሰ ይዘጋሉ። ሁለት ራዲያተሮች ተደራርበው ስለሚቆሙ፥ በመካከላቸው የተጠቀጠቀው ጭድ ከውጭ አይታይምና በመብራት መፈለግ አለበት። ይህን አሳብ በልቡ የያዘ ሹፌር የሞተሩን መጋልም ጭምር ይከላከላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነገሩ የጋዝ መጉደል መሆኑ ሲታወቅ ወደ ባለሙያ መሄድ የግድ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ጋዙ የት ወጣ ተብሎ ይጠየቅ። የጠጠር መንገድ ድንጋይ ኮንደንሰሩን ይወጋዋል፤ የመንገዱ መንቀጥቀጥም መጋጠሚያዎችን ያላላል። ጋዙ የማይታይ ቢሆንም አብሮት የሚወጣው ዘይት አቧራን ይይዛል፤ ስለዚህ በቧንቧ መጋጠሚያ ላይ የሚገኝ ጥቁር የቅባት ምልክት ጥሩ ምስክር ነው። ባለሙያው ናይትሮጅን በመጠኑ ሞልቶ በሳሙና አረፋ ሊፈልገው ይችላል፤ ወይም የጋዝ ጠረን በሚለይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ፥ ወይም በልዩ መብራት በሚያበራ ቀለም። ኦክስጅን መሙላት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። በጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር የሚነፋ ተራ አየርም እርጥበት ያስገባል፤ በግፊት ውስጥ ከጋዙ ጋር ሲደባለቅም ሊቀጣጠል ይችላል።

ብዙ ሰው የማያስበው የጋዝ መውጫ የኮምፕረሰሩ ዘንግ የሚዞርበት የጎማ መዝጊያ ነው። ይህ መዝጊያ የሚርሰው መሣሪያው ሲሠራ በሚዞረው ዘይት ነው። በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ የሚኖር መኪና ክረምቱን በሙሉ ማቀዝቀዣው ሳይከፈት ይከርማል፤ ብርድ ሳለ ማን ብርድ ይጨምራል? መዝጊያውም ደርቆ ይጨማደዳል፤ ጋዙ ሳይሰማ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ መኪናው በበጋ ወደ ቆላ በወረደ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይገኛል። አቤቱታው በየዓመቱ በአንድ ወራት የሚነሣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መከላከያው ገንዘብ አያስወጣም፤ በክረምትም ቢሆን በየሳምንቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣውን ማሠራት ነው። የጠዋት ብርዱ እጅግ ሲበረታ አንዳንድ መኪና ኮምፕረሰሩን አላስነሣም ይላልና፥ ቀኑ ሞቅ ሲል ማድረጉ የተሻለ ነው። ይህን ሲያደርጉ ብርድ የፈሩ ሰዎች ማሞቂያውን አብረው ሊከፍቱ ይችላሉ፤ የተደባለቀው ደረቅ አየር በዝናብ ጊዜ በመስተዋቱ ላይ የሚጋርደውን ጉም ፈጥኖ ያነሣል።

ቀዳዳው ተገኝቶ ከተጠገነ በኋላ ቧንቧው በፓምፕ ተስቦ ባዶ መሆን አለበት። የዚህ ሥራ ጥቅም አየርንና እርጥበትን ማውጣት ነው። አየር በውስጡ ከቀረ በኮንደንሰሩ ውስጥ ፈሳሽ ሊሆን ስለማይችል ስፍራ ይይዛል፤ ግፊቱን ያንራል፤ ማቀዝቀዣውም በጋዝ ተሞልቶ ሳለ ሞቃት ይነፋል። እርጥበት ከቀረ ደግሞ ከቫልቯ ቀዳዳ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋታል። ለጊዜው አቀዝቅዞ ከሰዓት በኋላ የሚሞቅ፥ አርፎ ሲነሣም እንደ ገና የሚያቀዘቅዝ መኪና ብዙ ጊዜ ይህ ሕመም ያለበት ነው። ባዶ በሆነ ቧንቧ ውስጥ ውሃ ያለ እሳት በተራው ሙቀት ስለሚፈላ፥ ፓምፑ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሲሠራ እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ፓምፑ ቆሞ መለኪያው ይታይ፤ ወደ ላይ ከተመለሰ ገና ያልተገኘ ቀዳዳ አለ።

በዚህ ስፍራ የደጋ አገር ባለሙያ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በውጭ አገር የተጻፉት መምሪያዎች ቧንቧው ባዶ ሲሆን መለኪያው ወደ 30 ኢንች እንዲወርድ ያዝዛሉ። ይህ በባሕር ወለል ላይ ላለ አገር እውነት ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ፥ ተራው መለኪያ ቢበዛ ከ22 እስከ 23 ኢንች ብቻ ያሳያል። ይህን ያላወቀ መካኒክ ወይ ደኅናውን ፓምፕ ይጥላል፤ ወይ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። በአፋር ቆላ ያው ፓምፕ ያንኑ ሥራ ሠርቶ መለኪያው እስከ 28 ኢንች ይወርዳል። ከአየሩ ጋር ሳያነጻጽር ግፊቱን በራሱ የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው ግን በሁለቱም ስፍራ አንድ ቍጥር ያነባል።

ጋዙም የሚሞላው በሚዛን እንጂ በግፊት መለኪያ ብቻ አይደለም። የዚህን ምክንያት ባለ ወጥ ቤት ሁሉ ታውቀዋለች። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ሙሉም ሆነ ሊያልቅ የተቃረበ፥ እሳቱ እስከ መጨረሻው አይለወጥም፤ ስለዚህ ቀሪውን ለማወቅ የምትፈልግ ሴት ሲሊንደሩን አንሥታ ክብደቱን ትገምታለች። በመኪናውም ቧንቧ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ቆሞ ሳለ የሚታየው ግፊት የሙቀቱ መጠን ነው እንጂ የጋዙ ብዛት አይደለም፤ በ25 ዲግሪ ጎዶሎውም ሙሉውም ከ5 ባር ተኩል በላይ ያሳያል። ትክክለኛው መጠን በግራም ተቈጥሮ ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከመጠን በላይ መሙላትም እንደ ማጉደል ይጎዳል፤ ኮንደንሰሩ በፈሳሽ ሲጨናነቅ ግፊቱ ይንራል፤ ማቀዝቀዣውም ይደክማል።

በዚያው ወረቀት ላይ የጋዙ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው አር 12 የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ንጣፍ እንደሚያፈርስ ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት በ1974 ካስረዱ በኋላ፥ በ1987 በሞንትሪያል በተደረገ የመንግሥታት ስምምነት እንዲቀር ተወሰነ። በምትኩ የመጣው አር 134 ኤ ኦዞንን ባይነካም፥ አንድ ኪሎው ምድርን በማሞቅ ከ1,300 ኪሎ የሚበልጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ስለ ሆነ፥ በ2016 በኪጋሊ በተደረገው ስምምነት እርሱም ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ተወስኗል፤ በአዲሶቹ መኪናዎችም ብዙ ጊዜ አር 1234 ዋይ ኤፍ ገብቷል። እነዚህ አይደባለቁም። አሮጌው ጋዝ በሚወጣበት ጊዜም ወደ አየር መልቀቅ አይገባም፤ በመሣሪያ ተስቦ ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ ተጣርቶም እንደ ገና ይሠራበታል።

የጋዙ ርካሽነት ሊያጠራጥር ይገባል። የምግብ ማብሰያ ጋዝ በመኪና ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚሞላ ሰው ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት የሚቀጣጠል ነገር ማስቀመጡ ነው። ከዚህም የከፋ አለ፤ በ2011 በመርከብ የሚጫኑ የማቀዝቀዣ ኮንቴነሮች ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ሐሰተኛ ጋዝ ተሞልቶባቸው፥ ያም ከአሉሚኒየሙ ጋር ተዋሕዶ በቬትናምና በብራዚል ፈንድተው ሰው ገድለዋል። ቀዳዳን ይደፍናል ተብሎ በትንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠውም ሙጫ ቢሆን፥ ከቀዳዳው ይልቅ ቫልቯንና የጋራዡን መሣሪያ ይደፍናል። ፈሳሹ ጋዝ ዓይንን ቢነካ ያቃጥላል፤ ከአየር የከበደ ስለ ሆነም በመካኒክ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ ሰው ያፍናል። ስለዚህ መነጽርና ጓንቲ የሌለው፥ ደጁን ዘግቶ የሚሠራ ጋራዥ ሥራ ሊሰጠው አይገባም።

እንግዲህ ሒሳብ የሚቀርብለት ሹም በወረቀቱ ላይ እነዚህን ይፈልግ፤ ከመኪናው ስንት ግራም ጋዝ እንደ ወጣ፥ ጋዙ የፈሰሰበት ስፍራ የት እንደ ተገኘና በምን እንደ ተጠገነ፥ ፓምፑ ስንት ደቂቃ እንደ ሠራ፥ ስንት ግራም እንደ ተሞላ፥ በመጨረሻም በአየር መውጫው የተለካው ሙቀት ስንት እንደ ሆነ። የተለወጠው አሮጌ ዕቃም ከመኪናው ጋር ይመለስ። «ጋዝ ተሞልቷል» የሚል አንድ መስመር ብቻ የያዘ ሒሳብ የሥራ ማስረጃ አይደለም። ወረቀቱ በመኪናው መዝገብ ውስጥ ከተቀመጠ፥ በሚቀጥለው ዓመት የወጣውን ከገባው ጋር በማነጻጸር ፍሳሹ መቆሙን ያለ ባለሙያ ማወቅ ይቻላል። በርቀት ባሉ ወረዳዎች ሚዛንና ፓምፕ ያለው ጋራዥ ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ፥ ሥራው መኪናው ወደ ከተማ በሚመላለስበት ጊዜ በጋው ሳይገባ ቢፈጸም ይሻላል።

ኢትዮጵያ በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በርክተዋል። በእነዚህ ውስጥ ኮምፕረሰሩ ቺንጋ የለውም፤ በብዙ መቶ ቮልት ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ ወደ እርሱ የሚሄዱት ብርቱካን ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ሰው ሊገድሉ ስለሚችሉ፥ ትምህርቱ የሌለው መካኒክ ሊነካቸው አይገባም። ዘይቱም ልዩ ነው፤ የተራው መኪና ዘይት ቢደባለቅበት ኤሌክትሪክ ሊያሳልፍና ኮምፕረሰሩን ሊያበላሽ ይችላል። በብዙዎቹም ያው ጋዝ ባትሪውን ጭምር ስለሚያቀዘቅዝ፥ በእነዚህ መኪናዎች የማቀዝቀዣ መበላሸት የምቾት ነገር ብቻ አይሆንም።

የከብት ክትባት ጭነው ወደ ቆላ የሚሄዱ ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ የሚጠበቅ ሲሆን፥ የመኪናው ማቀዝቀዣ ምንም ደኅና ቢሆን ይህን በእኩል ሊጠብቅ አይችልም፤ ሞተሩ ሲጠፋም ያቆማል። ስለዚህ ክትባቱ በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ፥ ሣጥኑም ፀሐይ በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ቴርሞሜትሩም ከሣጥኑ ውስጥ አይውጣ።